የአሮጌ ሪቮልቨር ማንነትና አጸዳድ
የስሚዝ ኤንድ ዌሰን «ሞዴል 1» ታሪክ እንደ ምሳሌ

አሮጌ የጦር መሣሪያ በቅርስነት ወደ ቤተ መዘክር ሲገባ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ሠራው? መቼስ ተሠራ?» የሚል ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ ከራሱ ከብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ይሁን እንጂ ጽሑፉን ለማንበብ ዝገቱን ማስለቀቅ ያስፈልጋል፤ ዝገቱን እናስለቅቃለን ሲሉ ደግሞ ጽሑፉን አብሮ ማጥፋት ይመጣል። መለየትና ማጽዳት ተነጣጥለው ሊታዩ የማይገባቸው ሥራዎች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህም «ሞዴል 1» እየተባለች የምትጠራው ትንሽ የአሜሪካ ሪቮልቨር ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሳሙኤል ኮልት በ1836 በአሜሪካ ፓተንት ያገኘበት ሪቮልቨር የሚጎርሰው ከከበሮው ፊት ለፊት ነበር። ተኳሹ ባሩዱንና እርሳሱን በየቀዳዳው እየጨመረ ይጠቀጥቃል፤ በስተኋላም የመለኮሻ ቆብ ይደፋል። ሮሊን ኋይት የተባለ ሰው ግን ኤፕሪል 3 ቀን 1855 ከጫፍ እስከ ጫፍ ለተበሳ ከበሮ ፓተንት አገኘ። ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም ዋጋው ታላቅ ነበር፤ ባሩዱን፣ እርሳሱንና መለኮሻውን በአንድ ቀለህ የያዘ ጥይት ከበስተኋላ ማጉረስ የሚቻለው በዚህ ዓይነት ከበሮ ነውና። ሆራስ ስሚዝና ዳንኤል ዌሰን በ1856 ከኋይት ጋር ተዋውለው፣ ለሚሠሩት ለእያንዳንዱ ሪቮልቨር 25 ሳንቲም ሊከፍሉት ተስማሙ። ዳሩ ግን መብቱን በፍርድ ቤት የማስከበሩ ሸክምና ወጪ በኋይት ላይ እንዲወድቅ ውሉ አስገደደ። በ1857 የኮልት መብት ሲያበቃ፣ ሁለቱ ሰዎች በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ «ሞዴል 1»ን ማምረት ጀመሩ።

ኋይት ሕይወቱን በሙግት አሳለፈ ቢባል ማጋነን አይሆንም። መብቱን የጣሱትን ሠሪዎች ከሰሰ፤ ረታም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ እኩል ለእኩል ስለ ተከፈሉ የበታቹ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጸና። ፓተንቱ በ1869 ሲያልቅ ግን ዘመኑ እንዲራዘምለት ያቀረበው ልመና በምክር ቤቱ ቢያልፍም፣ ፕሬዚዳንት ግራንት በጃንዋሪ 1870 ሳይፈርሙበት መለሱት። ከዚያ በኋላ ርካሽ ትናንሽ ሪቮልቨሮች ገበያውን አጥለቀለቁት።

ሞዴል 1 ሰባት ጥይት የምትጎርስ፣ የአፈሙዟም ስፋት 0.22 ኢንች የሆነ ናት። ጥይቷ 4 ግሬን፣ ማለትም ሩብ ግራም ያህል ጥቁር ባሩድ ትይዝ ነበር። በፊተኛው ግርጌ ያለው መቆለፊያ ሲጫን አፈሙዙ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ከበሮው ወጥቶም ባዶው ቀለህ ከአፈሙዙ ሥር ባለው ዘንግ እየተገፋ ይወጣል። እስከ 1882 ድረስ በሦስት ተከታታይ ዓይነት ሩብ ሚሊዮን ያህል ተሠርታለች። ከ1857 እስከ 1860 የተሠራው አንደኛው ዓይነት ጎኑ የተሞለሞለ ሲሆን፣ በጎኑ ያለችው መክደኛ ትንሽና ክብ ናት። ሁለተኛው ዓይነት ጎኑ ጠፍጣፋ፣ መክደኛውም ሰፊ ነው። የሁለቱም አካል በብር የተለበጠ ነሐስ፣ አፈሙዛቸውም ባለ ስምንት ገጽ ነው። ከ1868 ጀምሮ የተሠራው ሦስተኛው ዓይነት ግን አፈሙዙ ክብ፣ ከበሮው ቦይ ቦይ ያለው፣ እጀታውም እንደ ወፍ ራስ የጎበጠ ነው።

በዚህ ላይ ሦስት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው፣ በከበሮው ላይ የተቀረጸውን «ኤፕሪል 3 ቀን 1855» የሚል ጽሑፍ የተሠራበት ቀን አድርጎ መውሰድ ነው፤ ይህ የፓተንቱ ቀን እንጂ የሽጉጡ ልደት አይደለም። ሁለተኛው በተራ ቁጥር ብቻ መተማመን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች ቁጥር ተከታታይ ሲሆን ሦስተኛው እንደገና ከ1 ስለ ጀመረ፣ 5,000 ቁጥር ያላት ሽጉጥ ከሁለት የተለያዩ ዘመናት የአንዱ ልትሆን ትችላለች። ሦስተኛው ስሙን ብቻ አይቶ መፍረድ ነው። በሙግት የተረቱ አንዳንድ ሠሪዎች በራሳቸው ፋብሪካ በሠሯቸው ሪቮልቨሮች ላይ «ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተሠራ» ብለው እንዲቀርጹ ተደርገዋል። «ለ» የምትለው አንዲት ፊደል በዝገት ከተሸፈነች፣ ወይም ከዚያ በከፋ ሁኔታ በአሸዋ ወረቀት ከተፋቀች፣ የዚያ ሁሉ ሙግት ምስክር ጠፋ ማለት ነው።

የማጽዳቱ ሥራ የሚጀምረው ሽጉጡ አለመጉረሱን በማረጋገጥ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጥይት መለኮሻ በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ስለሚገኝ፣ የተጣበቀውን ጥይት በመሣሪያ መጎርጎር አደገኛ ነው፤ ለጦር መሣሪያ ባለሙያ መስጠት ይገባል። ቀጥሎ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ልኩና ጽሑፉ ሁሉ ይመዘገባል። ማግኔት ወደ አካሉ ቢቀርብ ነሐሱን ከብረት ይለያል። የተጣበቀ ብሎን ዘይት ጠጥቶ ለቀናት ይቆያል እንጂ በጉልበት አይፈታም፤ መፍቻውም በብሎኑ ስንጥቅ ልክ መሆን አለበት። ብርቱካን መልክ ያለውና እንደ ዱቄት የሚረግፈው ዝገት ብረቱን እየበላ ያለ ስለ ሆነ በዘይትና በቀርከሃ ስንጥር ቀስ ተብሎ ይነሣል። ደርቆ የጸናው ቡናማ ሽፋን ግን የዕድሜው ምልክት ነውና ይተዋል። የጥቁር ባሩድ ቅሪት እርጥበት ስለሚስብና በውሃ ስለሚሟሟ፣ የብረቱ ክፍል በተጣራ ውሃ ታጥቦ በአልኮል ወዲያው ይደርቃል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ነሐስን ስለሚጎዳ አይነካውም፤ ማወልወያ ቅባትም የቀረውን የብር ልባጥ ይጨርሳል። የእጀታው እንጨት በውስጠኛው ገጽ የሽጉጡ ቁጥር ሊኖርበት ስለሚችል አይፋቅም። በመጨረሻም ስስ ሰም ተቀብቶ በደረቅ ስፍራ ይቀመጣል፤ ቆዳ እርጥበትና አሲድ ስለሚይዝ በአፎቱ ውስጥ መተው አይገባም። ሽጉጧን መተኰስም አይፈቀድም፤ የዛሬው ጥይት ለዚያ ዘመን ብረት ከአቅም በላይ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ከብረት ላይ የተፋቀ ፊደል ግን ተለቅሞ አይመለስም። ቅርስ ጠባቂው ከሥራው በኋላ ሽጉጧ እንደ አዲስ ብታበራ ሊያዝን ይገባዋል። ፊደሏ ከተነበበ፣ ዝገቷም መብላቱን ካቆመ ግን ሥራው በሚገባ ተፈጽሟል።