የርችት ቀለማት፦ ብርቅዬዎቹ ብረታት ሰማይ ላይ የማይታዩት ለምንድን ነው?

ርችት ሲፈነዳ የሚፈነጥቀው ቀለም መነሻው በውስጡ የታመቀው የብረት ጨው ነው። ስትሮንቲየም ቀይ፣ ባሪየም አረንጓዴ፣ መዳብ ደግሞ ሰማያዊ ነበልባል ይሰጣሉ። ከእነዚህ ሌላ ውብ ነበልባል ያላቸው ብረታት ቢኖሩም በርችት ውስጥ እምብዛም አይገኙም።

የቀለሙ ምስጢር ያለው ኤሌክትሮኖች ዘንድ ነው። አቶም ሲግል ኤሌክትሮኖቹ ወደ ከፍተኛ የኃይል ደረጃ ይወጣሉ፤ ሲመለሱም ያገኙትን ኃይል በብርሃን መልክ ይለቁታል። የእያንዳንዱ ብረት ብርሃን የተለየ በመሆኑ እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል።

ለዚህ ቀላሉ ማሳያ በየማእድ ቤቱ ይገኛል። በጅቡቲ ከተማ ሆዳን ሰፈር፣ በጋዝ ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ገንፍሎ ጨዋማው ውሃ እሳቱን ቢነካው ሰማያዊው ነበልባል ወዲያው ቢጫ ይሆናል። ይህ የሶዲየም ብርሃን ነው።

ከከተማዋ በስተምዕራብ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ በዚሁ ጨው የተሞላ ነው። ለርችት ሠሪዎች ግን ጨው ባላጋራ ነው፤ ጥቂት ሶዲየም እንኳ ከገባ ቢጫው በርትቶ ሌሎቹን ቀለማት ያደበዝዛል።

በነበልባል የተገኙ ብረታት

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1860 ጀርመናውያኑ ሮበርት ቡንሰን እና ጉስታቭ ኪርሆፍ የማዕድን ውሃ ሲመረምሩ እስከዚያ ያልታወቁ ሁለት ሰማያዊ የብርሃን መስመሮች አዩ። ብረቱንም ሲዚየም አሉት፤ የላቲኑ ቃል ሰማያዊ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት በጥልቅ ቀይ መስመሮቹ የተሰየመውን ሩቢዲየምን አገኙ።

በዚያው በ1861 እንግሊዛዊው ዊሊያም ክሩክስ በደማቅ አረንጓዴ መስመሩ ታሊየምን ለየ። በ1863 ደግሞ በጥቁር ሰማያዊ መስመሩ ኢንዲየም ታወቀ።

ታዲያ ለምን አይተኮሱም?

የመጀመሪያው ምክንያት ዋጋ ነው፤ ሲዚየም፣ ሩቢዲየምና ኢንዲየም ውድ ናቸው። ሲዚየምና ሩቢዲየም ከሚለቁት ብርሃን ብዙው ዓይን የማያየው ታሕተ ቀይ በመሆኑ፣ ከበዓል ርችት ይልቅ በሌሊት ማያ መሣሪያ ለሚታዩ ወታደራዊ መብራቶች ይመረጣሉ።

ታሊየም እጅግ መርዛማ ነው፤ ቀድሞ ለአይጥ መርዝነት ያገለግል ነበር። ጭሱ በሕዝብ ላይ ሊበተን አይችልም። አረንጓዴ የሚሰጠው ባሪየምም ቢሆን በውሃ የሚሟሟ ጨዎቹ መርዛማ በመሆናቸው ምትክ ሲፈለግለት ቆይቷል።

ሊቲየም ደማቅ ቀይ ነበልባል አለው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ጨዎቹ እርጥበት ስለሚስቡ ባሩዱን ያበላሻሉ። ስለዚህ ቀዩ ቀለም ለስትሮንቲየም ተትቷል። በደቡብ ኢትዮጵያ ቀንጢቻ የሚገኘው የሊቲየም ማዕድንም ዛሬ የሚፈለገው በዋናነት ለባትሪ ነው።

ፖታሲየም ለየት ይላል። በአፋር ዳሎል አካባቢ በብዛት የሚገኘው ይህ ብረት በአብዛኛው ርችት ውስጥ አለ። ሥራው ግን ቀለም መስጠት ሳይሆን ናይትሬትና ፐርክሎሬት በሚባሉት ውህዶቹ አማካይነት ለቃጠሎው ኦክስጅን ማቅረብ ነው። የራሱ ፈዛዛ ሐምራዊ ነበልባል በሌሎቹ ድምቀት ይዋጣል።

ስለዚህም ለርችት የሚመረጠው ብረት የነበልባሉ ውበት ብቻ ሳይሆን ዋጋው፣ እርጥበትን መቋቋሙና በተመልካቹ ጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ጭምር ተመዝኖ ነው።