ባሕር ዳር፤ የጣና ዳርቻ ከተማ

ከእንጅባራ ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ፣ የአዊን ደጋ ለቅቆ ወደ ጣና ሲወርድ የሚቀበለው የከተማ ስም ሊያስገርመው ይገባል። አገራችን ዛሬ የጨው ባሕር ጠረፍ የላትም፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ሰው ሰፊውን ውሃ ሁሉ ባሕር ይለዋልና፣ የሐይቁን ዳርቻ ይዛ የተቀመጠችውን መንደር ባሕር ዳር ብሎ ጠራት።

ቀድሞ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች መንደር ነበረች። ነገሥታቱ ጎርጎራንና ጎንደርን፣ መነኮሳቱም ደሴቶቹን መረጡ። በ1918 ዓ.ም. ገደማ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የመጣው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እንኳ መቀመጫውን ያደረገው በዳንግላ ነው፤ የጣናን ደሴቶችና የዓባይን ፈለግ የመረመረውም ከዚያ እየተነሣ ነበር። የዳንግላ ሰው ይህን ቢያነሣ ትዕቢት አይባልበትም።

ነገሩን የለወጠው ወረራው ነው። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ባሕር ዳርን ይዘው የጦርና የአስተዳደር ሰፈር አደረጓት። በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ወር አርበኞችና የጌዴዎን ጦር በጎጃም ሲገሰግሱ፣ የዳንግላው የጣሊያን ጦር ምሽጉን ለቅቆ የሸሸው ወደዚችው ከተማ ነበር።

ከነጻነት በኋላ በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋም ተከፈተ። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎችም ተዘረጉ።

ዳሩ ግን እንግዳውን ከሩቅ የጠራው ዘንባባው ሳይሆን ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ጢስ ዓባይ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ያየው ይህ ፏፏቴ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወራል፤ ወይም ይወረወር ነበር ማለት ይሻላል። በ1956 ዓ.ም. የተሠራው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጣቢያ የወሰደው ውሃ ጥቂት ስለ ነበረ ጢሱ አልጠፋም። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው ጣቢያ ሲጨመር ግን ውሃው በቦዩ በኩል ሄደ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ ራሱ ውሃ መሳብ ጀመረ። መብራት አይሠራ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን በበጋ መጥቶ በጥቁሩ ገደል ላይ ቀጭን ጅረት ብቻ አይቶ የተመለሰው እንግዳና፣ በእርሱ ምክንያት ገበያው የቀዘቀዘበት የጢስ ዓባይ መንደር ነዋሪ፣ ከሒሳቡ ውስጥ መግባት ነበረባቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የዳርቻው ባለቤት የነበረው የወይጦ ሕዝብ ነው። ጉማሬ እያደነ፣ ዓሣ እያጠመደ፣ ከደንገል ታንኳ እየሠራ ኖረ፤ ለደሴቶቹ ገዳማት እንጨትና እህል ሲጋዝበት የኖረው መርከብ ይኸው ነው። ከተማዋ ስትሰፋ የሐይቁ ዳር ለሆቴልና ለመናፈሻ ሆነ፣ ደንገሉም ሳሳ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ተስፋፋ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ቢመዘገብም፣ ታንኳ ሠሪው የሚያጭደውን ደንገል ለማግኘት ካለፈው ዘመን ይልቅ ርቆ መሄድ ግድ ሆኖበታል።