ወፍ ያልመሰለው ወፍ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. ከፈረንሳይ በመርከብ ተጭኖ ኒውዮርክ የደረሰ አንድ የነሐስ ሥራ የጉምሩክ ሹማምንትን ግራ አጋባ። ስሙ «ወፍ በሕዋ» ይባላል፤ ይሁንና ክንፍም፣ ምንቃርም፣ እግርም አልነበረው። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ መኻሉ ሞላ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ ነሐስ ነበር። የኪነ ጥበብ ሥራ ከቀረጥ ነፃ ቢሆንም ሹማምንቱ ተራ የብረታ ብረት ዕቃ ነው ብለው የዋጋውን 40 በመቶ ጠየቁ። ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ።

የሥራው ባለቤት ኮንስታንቲን ብራንኩሽ በ1876 ሆቢጻ በተባለች የሩማንያ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ ቀራፂ ነው። ክራዮቫ ላይ የእጅ ጥበብ፣ ቡካሬስት ላይ ሥነ ጥበብ ተምሮ በ1904 ፓሪስ ገባ። በ1907 በታላቁ ሮዳን የሥራ ክፍል ለአጭር ጊዜ ሠርቶ ወጣ። በዘመኑ ብዙ ቀራፂዎች በጭቃ ንድፉን አበጅተው ድንጋዩን ለሠራተኛ ይተዉ ነበር፤ ብራንኩሽ ግን ድንጋዩን በገዛ እጁ ይጠርብ ጀመር።

ወፉም ባንድ ጀምበር አልተፈጠረም። በ1910 ገደማ ከአገሩ ሕዝብ ተረት የወሰዳት «ማያስትራ» ደረት፣ አንገትና ምንቃር ነበራት። ከዓመት ዓመት፣ ከእብነ በረድ ወደ ነሐስ ሲመላለስ፣ ትርፍ የመሰለውን ሁሉ እያነሣ ሄደ። አንገቱ ከአካሉ ተዋሐደ፤ ምንቃሩ ጠፋ፤ በመጨረሻ በረራው ብቻ ቀረ። ለፍርድ ቤቱ በሰጠው ቃልም ነሐሱ ከቅርፅ ማውጫው ከወጣ በኋላ ራሱ በሞረድ እየሞረደና እየወለወለ እንደጨረሰው አስረዳ። በኅዳር 1928 ፍርድ ቤቱ ሥራው ኪነ ጥበብ መሆኑን ወሰነ።

ፍርድ ቤቱ ያልተጠየቀው አንድ ጥያቄ ግን ነበር፤ እንዲህ ያለው ረቂቅ ቅርፅ ለሕዝብ ይናገራልን? ለዚህ መልሱ የቆመው በትውልድ አውራጃው፣ በትርጉ ዡ ከተማ ነው። በ1916 ከተማይቱን ሲከላከሉ ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ እንዲሆን በ1938 ያቆመው «ማለቂያ የሌለው ዓምድ» 29 ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ይወጣል። መኻላቸው የሰፋ፣ ጫፋቸው የጠበበ የብረት ክፍሎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል፤ የአካባቢው ገበሬ ለቤቱ በረንዳ የሚጠርበውን የእንጨት ምሰሶ ያስታውሳሉ። በዓምዱ ላይ የአንድም ወታደር መልክ የለም። ስለዚህም ልጇን ያጣች እናት ሁሉ፣ የማንንም ሳይሆን የራሷን ልጅ ልታስብበት ትችላለች።