በአየር ላይ የድምፆች መደባለቅ፤ ከሉክሰምበርግ እስከ አማተር ራዲዮ ጣቢያ

ምሽት ላይ በአጭር ወይም በመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ሲፈልግ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። የሚሻው ድምፅ ጥርት ብሎ መሰማት ሲጀምር፣ ከበስተኋላው ያልተጠራ ሌላ ድምፅ ይመጣና ዜናውን ከዘፈን፣ ዘፈኑን ከስብከት ያደባልቅበታል። አድማጩም «ይህን ማን ደረበብን?» ብሎ ይቆጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የራዲዮ ታሪክ እንደሚያስተምረን የመደባለቁ ምክንያት ሁልጊዜ ከተናጋሪዎቹ በአንዱ ዘንድ አይገኝም። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ሁለቱ ድምፆች በሚገናኙበት ስፍራ ነው። ይህንንም ሁለት ታሪኮች በሚገባ ያስረዱናል።

የመጀመሪያው ታሪክ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ጣቢያዎች በቁጥርም በኃይልም በመጨመራቸው አየሩ ተጨናንቆ ነበር። መንግሥታትም በዚያው ዓመት በስዊዘርላንዷ የሉሰርን ከተማ ተሰብስበው ሞገዶችን እንደገና ተከፋፈሉ። የሉክሰምበርግ ጣቢያ በ1191 ሜትር ረጅም ሞገድ ላይ በከፍተኛ ኃይል ማሰራጨት የጀመረውም በዚሁ ዓመት ነው። ሞገዱን የያዘው ሳይመደብለት ስለነበር ከብዙ ወገን ወቀሳ ይሰነዘርበት ነበር።

በሆላንድ አገር የፊሊፕስ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው በርናርድ ቴሌገን፣ ፔንቶድ የተባለውን የራዲዮ ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ1926 የፈለሰፈ ሰው ነው። ይህ ሰው በስዊዘርላንድ የሚገኘውን የቤሮሙንስተር ጣቢያ በ460 ሜትር ሲያዳምጥ፣ ንግግሩ ጋብ ባለ ቁጥር የሉክሰምበርግ ዝግጅት ከበስተኋላ ይሰማው ጀመር። ሁለቱ ሞገዶች እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ተራ መደራረብ ሊሆን አይችልም። መቀበያው ተበላሽቷል እንዳይባልም ቴሌገን ለመሣሪያው እንግዳ አልነበረም። ያስተዋለውንም «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት በዚያው ዓመት አሳወቀ።

መልሱ ከወደ አውስትራሊያ መጣ። ቤይሊና ማርቲን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1934 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት፣ ሁለቱ ድምፆች የተደባለቁት በምድር ላይ ሳይሆን በሰማይ ነው። ከምድር በላይ አዮኖስፌር የሚባል፣ ኤሌክትሮኖች የተበተኑበት የአየር ንጣፍ አለ። የሉክሰምበርግ ብርቱ ሞገድ እነዚህን ኤሌክትሮኖች በዝግጅቱ ምት እያናወጠ ያግላቸዋል፤ ከጋዙ ጋር የሚጋጩበትም መጠን በዚያው ምት ከፍ ዝቅ ይላል። የቤሮሙንስተር ሞገድ ወደ ሆላንድ ሲጓዝ የሚያልፈው ከሉክሰምበርግ በላይ ባለው በዚህ በተናወጠ ሰማይ ነበርና፣ እየደከመና እየበረታ የሌላውን ድምፅ ተሸክሞ ይደርሳል። ክስተቱ እስከ ዛሬ በሉክሰምበርግ ስም ይጠራል። ጣቢያው በያዘው ሞገድ ቢወቀስም፣ በዚህኛው ጉዳይ የድምፆቹ መገናኛ ሰማዩ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ከሰማይ ወደ ዝገት ያወርደናል። ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለአገልግሎት ሲሉ በራዲዮ የሚነጋገሩ አማተሮች፣ የእጅ ራዲዮኖቻቸው ድምፅ ራቅ ብሎ እንዲደርስ በተራራና በረጅም ሕንፃ ላይ ደጋሚ ጣቢያዎችን ያቆማሉ። ደጋሚው ጣቢያ በአንድ ሞገድ እየሰማ፣ በዚያው ቅጽበት በሌላ ሞገድ መልሶ ያሰራጫል። በአሜሪካ በሁለት ሜትር ሞገድ በመስሚያውና በማሰራጫው መካከል ያለው የተለመደ ርቀት 600 ኪሎ ሄርዝ ነው፤ ለምሳሌ በ146.34 ሜጋ ሄርዝ ሰምቶ በ146.94 ይናገራል። ታዲያ በዚያው አካባቢ በ600 ኪሎ ሄርዝ የሚሠራ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ቢኖርስ? ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተቀላቀሉ ልዩነታቸው በትክክል ከደጋሚው ጆሮ ላይ ይወድቃል። ደጋሚው ዘፈኑን ይሰማል፤ ሰምቶም ያሰራጫል፤ ማሰራጨቱ ደግሞ ቅልቅሉን ይቀጥላል። በራሱ ድምፅ ታስሮ ይቀራል ማለት ነው። ጎርፍ ወይም ማዕበል ደርሶ እርዳታ የሚጠራ ሰው ቢኖር፣ ጥሪው በዘፈን ተውጦ ይቀራል።

ዝገት እንዴት ድምፅ ያቀላቅላል? መልሱ በራዲዮ ልደት ዘመን ይገኛል። የካልካታው ሊቅ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ እ.ኤ.አ. በ1904 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ፣ በጋሌና ማዕድን አማካይነት ሞገድን የሚያጠምድ ነበር። የቀደሙት አድማጮች ያለ ባትሪ ዘፈን የሰሙት፣ ቀጭን ሽቦ ከእንዲህ ያለ ማዕድን ጋር በማነካካት ነው። ማዕድኑ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ አብልጦ ስለሚያሳልፍ ሞገዱን ይለውጠዋል። በማማው ላይ የላላና የዛገ ብሎን፣ የአጥር ሽቦ ወይም የጣሪያ ቆርቆሮም ይህንኑ ሥራ ማንም ሳያዝዘው ይሠራል።

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚነሣው። አማተሮቹ «ጣቢያው በሞገዳችን ገባብን» ይላሉ፤ የጣቢያው መሐንዲስ ለክቶ «ከተመደበልን ሞገድ አልወጣንም» ይላል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ክስ ከመመሥረቱ በፊት በቅደም ተከተል ይመረምራል። አስቀድሞ የደጋሚውን ማሰራጫ ያጠፋል፤ በመስሚያው ሞገድ ላይ ዘፈኑ አብሮ ከጠፋ፣ የራሱ ማሰራጫም በቅልቅሉ ተካፋይ እንደሆነ ይረዳል። ቀጥሎ በመቀበያው መግቢያ ላይ ምልክቱን በ3 ዴሲቤል የሚያዳክም መሣሪያ ያስገባል። ረብሻው በዚያው በ3 ከቀነሰ ድብልቁ የተፈጠረው ከመቀበያው ውጭ ነው፤ በ6 ወይም ከዚያ በላይ ከወደቀ ግን ጥፋቱ በራሱ መቀበያ ውስጥ ነውና መፍትሔው ጥሩ ማጣሪያ ነው። ድብልቁ ከውጭ ከሆነ የማሰራጫውን የመጨረሻ ክፍል ይፈትሻል፤ ከዚያም ወደ ማማው ሄዶ ብሎኑን፣ የወጠር ሽቦውንና የአንቴናውን መጋጠሚያ አንድ በአንድ እያንኳኳ ያዳምጣል። ሲያንኳኳው ዘፈኑ የሚቆራረጥበት መጋጠሚያ ተጠርጣሪው ነው። ዝገቱን ጠርጎ ያጠብቀዋል፤ ወይም ሁለቱን ብረቶች ጨርሶ ይለያያቸዋል። የሚጎዳው ግማሽ መነካካት ነውና።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይም ይሠራል። አየር የጋራ ሀብት ነው፤ በጋራ ሀብት ላይ ድምፆች መገናኘታቸው አይቀርም። የመንግሥታት ጉባኤዎች ሞገድን በቁጥር ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ድርሻውን ሰጥተዋል፤ ይህም ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሰማዩም ሆነ ዝገቱ በጉባኤ አልተቀመጡም፤ ፊርማም አላኖሩም። ለዚህም ነው «ማን ደረበብን?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «የት ላይ ተገናኘን?» የሚለው መጠየቅ ያለበት። ቤይሊና ማርቲን ሰማዩን፣ የማማው ሠራተኛም አንዲቱን የዛገች ብሎን ያገኙት በዚህ ጥያቄ ነው።