ከአንጾኪያ ጓዳ የወጣ ምስክርነት

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 የአንጾኪያን አማኞች እናገኛለን። አጋቦስ የሚባል ነቢይ ረሃብ እንደሚመጣ በተናገረ ጊዜ እንደየአቅማቸው አዋጥተው፣ በበርናባስና በሳውል እጅ ለይሁዳ ወንድሞች ላኩ። ብዙዎቹ ከግሪክ ወገን የመጡ አዲስ አማኞች ነበሩ፤ እርዳታው የሄደው ግን አይተዋቸው ለማያውቁ አይሁድ ነው። ረሃቡም በቀላውዴዎስ ዘመን ደረሰ።

ከ300 ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ እህል ጠፋ። ያኔ በአንጾኪያ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ ነው፤ በክርስትና አድጎ ወደ አማልክት አምልኮ የዞረ ሰው። በ363 እ.ኤ.አ. ለከተማዋ ሰዎች በጻፈው የስላቅ ጽሑፍ ባሎችን ወቀሰ። ሚስቶቻቸው የቤታቸውን ንብረት ለክርስቲያኖች እያወጡ ድሆችን እንደሚመግቡ፣ የተቸገሩትም ይህን አይተው እምነታቸውን እንደሚያደንቁ በምሬት ተናገረ።

ልብ በሉ፤ ይህን የመሰከረው ወዳጅ አይደለም። ንጉሡ ትምህርታቸውን ተቃወመ፤ መሶባቸውን ግን መካድ አልቻለም። ያን ምስክርነት ያስገኙት ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው፤ ከጓዳቸው ቀንሰው ሰጡ።

ዛሬም በቤተ ክርስቲያናችን ዱቄት፣ ምስርና ዘይት ሲሰበሰብ "የሚቀበለው አባላችን ነው?" የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንጾኪያ የምታስተምረን ሌላ ጥያቄ ነው፦ እምነታችንን የማይወድ ጎረቤት ስለ ጓዳችን ምን ይመሰክራል? በዚህ ሳምንት ምን እናውጣ? የማንንስ በር እናንኳኳ?

ጌታ ልባችንንም እጃችንንም ይክፈት። አሜን።