ከብረት ክምር የወጣ ሞተር፦ ስለ ጥገና ታሪክ ምንጮች

በጋዜጣ ተጠቅልላ ከፊቴ የተቀመጠችውን ዕቃ በዓይናችሁ ስትፈልጓት አይቻለሁ፤ በኋላ እመለስባታለሁ። በቅድሚያ አንድ ነገር ልናዘዝ።

ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴ አባል ነበርሁ። ከግቢው ጀርባ ሣር የበቀለባቸው ሦስት አሮጌ ተሽከርካሪዎች ቆመው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ፊያት 682 ኤን 3፣ ሾፌሮቻችን «ኤንትሬ» የሚሉት የጭነት መኪና ነው። ኮሚቴው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስቱም በኪሎ እንዲሸጡ ወሰነ፤ እኔም ፈረምሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው የታርጋ ቁጥርና ግምታዊ ክብደት ብቻ ነው። የሞተሩ ቁጥር አልተመዘገበም፤ መቼ እንደ ተገዛ፣ ማን እንደ ነዳው፣ ስንት ጊዜ እንደ ታደሰ የጠየቀ አልነበረም። በታሪክ የዶክትሬት ማዕረግ የያዝሁት እኔም አልጠየቅሁም። በዚያው ሳምንት ለተማሪዎቼ ስለ ሰነድ አጠባበቅ ሳስተምር ሰንብቻለሁ። (ሳቅ)

ዛሬ የምከራከረው ያገለገለ ሞተር የታሪክ ሰነድ ነው ብዬ ነው፤ ሰነዱ የሚነበበውም ሲፈታ ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መድረሱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አምጪውን እንግሊዛዊ ቤድ ቤንትሌይንም በስም እናውቀዋለን። ያ መኪና በተበላሸ ጊዜ ስለ ጠገነው ሰው ግን የምንጽፈው የለንም። የታሪክ ድርሰታችን በመምጣት የተሞላ ነው፤ ባቡር መጣ፣ ስልክ መጣ፣ መኪና መጣ። ከመጣ በኋላ እንዴት ኖረ የሚለውን እንዘለዋለን። ብሪታንያዊው የታሪክ ጸሐፊ ዴቪድ ኤጀርተን በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የቴክኖሎጂ ታሪክ ከፈጠራ ይልቅ በአጠቃቀምና በጥገና ላይ ሊያተኩር እንደሚገባ አሳይቷል። ለእኛ አገር ይህ አስተያየት ከማንም በላይ ይስማማል።

የጥገናው ሙያ ከየት እንደ መጣ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ፦ ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ከ1928 ዓ.ም. ወረራ ጋር እንደ ፊያት 634 ያሉ የናፍጣ ከባድ መኪኖች በብዛት ገቡ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ የብሪታንያ ጦር ብዙ ተሽከርካሪና መሣሪያ ከአገር አወጣ። ዓለም ገና በጦርነት ላይ ስለ ነበረ መለዋወጫ ከቱሪን ማዘዝ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ አንዱን መኪና ለማንቀሳቀስ ሌላውን ማፍረስ ግድ ሆነ። ዛሬ በሶማሌ ተራና በምናለሽ ተራ የምናየው ያገለገለ ዕቃ ንግድ የቆመበት አሠራር ይኸው ነው፤ የወደቀው ለቆመው ይለግሳል።

ኤንትሬው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የ682 ዝርያ መሠራት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ሲሆን ኤን 3 የተባለው በ1960ዎቹ ተከተለ። ስድስት ሲሊንደር፣ ዐሥራ አንድ ሊትር ተኩል ያህል መጠን፣ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበረው። መሪው በቀኝ በኩል ነበር። በቀኝ በምንነዳበት አገር ይህ ለመቅደም ቢያስቸግርም በተራራ መንገድ ሾፌሩ የገደሉን ጫፍ በገዛ ዓይኑ እንዲያይ ያስችለዋል፤ ጣርማ በርን ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ በኮምቦልቻና በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚደርሰው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ የእነዚህ መኪኖች መንገድ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የውጭ ምንዛሪ ሲጠብ አዲስ መለዋወጫ ብርቅ ሆነ፤ መኪኖቹ ግን አልቆሙም። እንዴት አልቆሙም?

መልሱን ከቤተ መዛግብት አላገኘሁትም። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ቃሊቲ አካባቢ ባለ የብረት ግቢ አንድ ኤንትሬ ወድቆ እንዳለ ሰማሁና ሄድሁ። ጋቢናው ተቆርጦ ተወስዷል፤ የፊት ባሌስትራው ተነቅሏል፤ ሞተሩ ግን ከሻንሲው ላይ አልወረደም። አንድ አዛውንት መካኒክ የናፍጣ ፖምፓውን ለመውሰድ ከባለንብረቱ ጋር ተዋውለው ነበርና አብሬያቸው እንድሆን ፈቀዱልኝ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሙያውን በልጅነታቸው ኮምቦልቻ የተማሩት የጣሊያን መካኒክ ረዳት ከነበሩ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይፈታ አለፈ። ዝገት የያዛቸውን ብሎኖች በናፍጣና በአሮጌ ዘይት አርሰው ለነገ አሳደሯቸው። በማግስቱ የቴስታታውን ብሎኖች ከዳር ወደ መሐል፣ እያንዳንዱን ጥቂት ጥቂት እያላሉ ፈቱ። አንዱን ጫፍ ጨርሶ ፈትቶ ሌላውን መተው ቴስታታውን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ቴስታታ ደግሞ ገዢ የለውም። ከአንድ የጎን ክዳን ሥር ያገኘነው ጓርኒሲዮን ከካርቶን የተሠራ ነበር። ካርቶኑን ከብረቱ ላይ አስደግፎ ጠርዙን በመዶሻ እየመቱ ቅርጹን ማውጣት የቆየ ዘዴ ነው።

ትልቁ ግኝት ከታች ነበር። የዘይት ቋቱ ሲወርድ ፒስተኑን ከክራንክ ዘንጉ ጋር የሚያገናኙት ስድስቱ ክንዶች ታዩ። እያንዳንዱ የክንድ ክዳን ወደ ገዛ ክንዱ ብቻ መመለስ ስላለበት መካኒኮች ከመፍታታቸው በፊት በነጥብ ምልክት ያደርጋሉ፤ በመጀመሪያው አንድ ነጥብ፣ በሁለተኛው ሁለት ነጥብ፣ እንዲህ እያለ። በሦስተኛው ላይ ግን ነጥብ አልነበረም፤ በሞረድ የተሠመሩ ሁለት መሥመሮች እንጂ። «ጋሼ፣ ይህስ ምንድን ነው?» አልኋቸው። ጥቁር ዘይቱን በጣታቸው ጠርገው አዩና «ዶክተር፣ ይህ የሌላ መኪና ልጅ ነው» አሉኝ። በሌላ ሞተር ሁለተኛ የነበረ ክንድ፣ በሌላ ሰው እጅ ምልክት ተደርጎበት፣ እዚህ ሦስተኛ ሆኖ ኖሯል።

አሁን ጋዜጣውን ልፍታ። ይህች ግማሽ ክብ ብረት በክንዱና በዘንጉ መካከል የምትቀመጥ ተሸካሚ ናት። ከጀርባዋ 0.508 የሚል ቁጥር ተመቶባታል። ቁጥሩ በሚሊሜትር ቢጻፍም የኢንች ልጅ ነው፤ የአንድ ኢንች ሃምሳኛ። ትርጉሙ ዘንጉ አልቆ ቢያንስ አንድ ጊዜ በማሽን ቤት ተሞርዷል፣ ለቀጠነው ዘንግም ወፍራም ተሸካሚ ተገዝቶለታል ማለት ነው። ከጀርባዋ ግን የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ዘንጉ እንደገና ሲያልቅ የሚቀጥለው መጠን አልተገኘም፤ ክፍተቱም በወረቀት ተሞላ። አዛውንቱ ሲያዩት ሳቁና «የሠራው ሰው ጭነቱን ሚሌ ማድረስ ነበረበት» አሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወረቀቱ የሚመሰክረው በዚያች ቀን፣ በዚያ ጋራዥ፣ ያ መጠን አለመኖሩን ነው። የአገር የመለዋወጫ እጥረት ማስረጃ ነው ለማለት ሌሎች ሃምሳ ሞተሮች ፈትተን ማየት ይኖርብናል። ሃምሳዎቹ ደግሞ በየሳምንቱ ተመዝነው ወደ ማቅለጫ እየገቡ ነው።

ከአዛውንቱ ጋር ያልተስማማነው በፖምፓው ነገር ነው። እኔ ከነቁጥሩ፣ ከነመቆለፊያ ሽቦው ለትምህርት ክፍላችን እንዲቀመጥ ለመንኋቸው፤ የጠየቁኝን እንደምከፍልም ነገርኋቸው። «ልጄ፣ ደሴ አንድ ሰው ይህንን ሲጠብቅ መኪናው ከቆመበት ሦስት ወሩ ነው» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እርሳቸው ፖምፓውን ሲያጥቡ ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ቁጥሮቹን ገለበጥሁ፤ ለሥራ የማትሆነውን ይህችን ተሸካሚ መረቁልኝ። ፖምፓው ደሴ ላይ መሥራቱን በስልክ ነግረውኛል። ያን ጊዜ በፎቶግራፍ ካልያዝሁት ነገር ብዙው አሁን የለም፤ ሞተሩ በሳምንቱ ተቆራርጧል።

የማውቀው አንድ ግቢ ውስጥ ለመወገድ የተሰለፉ አራት መኪኖች አሉ። ከመመዘናቸው በፊት እንድንመዘግባቸው ፈቃድ አግኝቻለሁ። ሥራው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መጻፍ፣ በእጅ የተመቱ ምልክቶችን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የፈታውን መካኒክ ቃል መቅዳት ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት መምጣት የምትችሉ ተማሪዎች ስማችሁን ለጸሐፊዋ ስጡ፤ አሮጌ ልብስ ልበሱ። ተሸካሚዋን አሁን እየተቀባበላችሁ ተመልከቷት። ወረቀቱን አትንኩት፤ ሊላጥ ደርሷል። ዘይቷም ገና አልለቀቀም፤ ለእጃችሁ ጨርቅ ከፊተኛው ረድፍ አለ።