ከምሰሶው እስከ ግድግዳው

የኤሌክትሪክ መብራት ታሪካችን ሲተረክ መነሻው ዘወትር ቤተ መንግሥት ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ዐፄ ምኒልክ ጄኔሬተር አስመጥተው ግቢያቸውን ማብራታቸው ይወሳና አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል፣ ቆቃ፣ ፊንጫ፣ ጊቤ እየተባለ ይዘለቃል። ትረካው እውነት ነው፤ ሆኖም ከተራው ሰው ደጃፍ አይደርስም። እኔ ላወጋችሁ የወደድሁት ከዚህ ትረካ ውጭ ስለ ቀረችው ሽቦ ነው። ከመንገድ ዳር ምሰሶ ተነሥታ፣ አጥሩን ተሻግራ፣ በቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ግድግዳውን ታክካ ወደ ቤት ስለምትገባው፣ ስለ መጨረሻዋ ሽቦ።

ስለ እርሷ ለማሰብ ገሱባን የመሰለ ስፍራ አላገኘሁም። ገሱባ ከወላይታ ሶዶ በስተ ደቡብ ምዕራብ የምትገኝ የኦፋ ወረዳ ከተማ ናት። ከእርሷ በስተ ምዕራብ፣ ወላይታና ዳውሮ በሚዋሰኑበት የኦሞ ሸለቆ ውስጥ፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ቆሟል። ሥራው በ1998 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ኃይሉ በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ሶዶ ይመጣል። ከዚያው ከሶዶ ደግሞ ሌላ መስመር ይነሣል፤ 500 ኪሎ ቮልት ተሸክሞ፣ 1,045 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ከተባለ ስፍራ ይደርሳል። ኢትዮጵያ በዚህ መስመር ለኬንያ ኃይል መሸጥ የጀመረችው በ2015 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ወላይታ የታላላቆቹ ሽቦዎች መናኸሪያ ሆናለች ማለት ነው። እነዚያ ሽቦዎች መሐንዲስ አላቸው፣ ውል አላቸው፣ ምርቃት አላቸው። የመጨረሻዋ ሽቦ ግን ሪባን የሚቆርጥላት የለም።

ጉዞዋን ከላይ እንከተል። ኃይሉ ከማከፋፈያ ጣቢያ ወጥቶ በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ትንንሽ ከተሞች ይሄዳል። ሰፈር ሲደርስ ትራንስፎርመሩ ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርደዋል። ምሰሶው ላይ፣ ሽቦው እንጨቱን እንዳይነካ የሚያግደው ሸክላ ተቀምጧል፤ ባለሙያዎቻችን ቅርጹን አይተው «ስኒ» አሉት። ቡና የሚጠጣ ሕዝብ ያወጣው ስም ነው። ምሰሶውም ብዙውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍና ኤሌክትሪክ ሁለቱም የምኒልክ ዘመን እንግዶች ናቸው፤ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም አንዱ ሌላውን ተሸክሞ ይኖራል።

ሽቦው ስለ ምን በአየር ላይ ሆነ? ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 በኒው ዮርክ መብራት ሲዘረጋ ሽቦዎቹን የቀበራቸው ከመሬት በታች ነበር። ሌሎች ግን ርካሹን መንገድ መርጠው ከተማዪቱን በምሰሶና በሽቦ ሞሏት። እ.ኤ.አ. በ1889 አንድ የመስመር ሠራተኛ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ እያየው፣ በሽቦዎቹ መካከል ተቃጥሎ ሞተ። ከዚያ በኋላ የከተማዪቱ አስተዳደር አደገኞቹን ሽቦዎች ማስቆረጥ ጀመረ። መቅበር ግን ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በዓለም ላይ በአብዛኛው ሽቦ የሚቀበረው ገንዘብ ባለበት ነው። የቀረነው ቀና ብለን እናየዋለን።

በግድግዳ ላይ የተጋለጠች ሽቦ ሦስት ጠላቶች አሏት። የመጀመሪያው ፀሐይ ነው፤ የፕላስቲክ ልባሷን እያደረቀ ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው የቆርቆሮ ጠርዝ ነው፤ ነፋስ ባወዛወዛት ቍጥር እንደ መጋዝ ይበላታል፤ ልባሷ ያለቀ ዕለት ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይለብሳል፤ ቆርቆሮውን የነካ ልጅ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሦስተኛው ውኃ ነው፤ ዝናብ ሽቦዋን እንደ መንገድ ተከትሎ ወደ ቤት ይገባል። መድኃኒቱ ረቂቅ አይደለም። ሽቦዋ በቱቦ ውስጥ ታልፋለች፤ ከቆርቆሮው ትርቃለች፤ ከመግቢያዋ በፊት ወደ ታች ተለምጣ እንድትንጠለጠል ይደረጋል፤ ውኃውም ከመግቢያው ደጅ ይንጠባጠባል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ግን ሽቦውን የሚነካው ሳይሆን የሚያውቀው ሰው ሊሆን ይገባል።

ችግሩ ዕውቀት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በትንንሽ ከተሞቻችን ቆጣሪ ያላገኘ ቤት ከጎረቤቱ ይቀጥላል። ሽቦዋ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ፣ ከአጥር ወደ አጥር ትሻገራለች። ይህ የጉርብትና ወግ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ያለ ጎረቤትን አይቶ ዝም ማለት ነውር ነውና። ነገር ግን ሽቦዋ ለአንድ ቤት የተመጠነች ናት፤ አራት ቤት ስትሸከም ትግላለች። ክፍያውም እንዲሁ ነው። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. መተግበር የጀመረው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ዝቅተኛውን ዋጋ ይዞ ነበር፤ ፍጆታ ሲጨምር ዋጋውም በየእርከኑ ይጨምር ነበር። አሳቡ ድኻውን ለመደገፍ ነው። ቆጣሪ ግን የሚያየው አንድ ቤት ነው፤ የአራት ድኾች ፍጆታ ተደምሮ የአንድ ባለጸጋ ፍጆታ ይመስላል። ለእነርሱ የታሰበው ዝቅተኛ እርከን ያመልጣቸዋል።

ድሮ «መብራት ኃይል» ያልነው በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ስሙም ቅርጹም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። አንድ ወሰን ግን ጸንቶ ኖሯል፤ እስከ ቆጣሪው ያለው የመሥሪያ ቤቱ፣ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የባለቤቱ ነው። የመንግሥትና የቤተሰብ ድንበር በዚያች ትንሽ ሣጥን ላይ ተሰምሯል። ቆጣሪ የሌለው ሰው በየትኛው ወገን እንደሚቆም ግን ድንበሩ አይናገርም።

አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጓዘው መስመር ሲታሰብ የመጨረሻዎቹ ዐሥር ሜትሮች ኢምንት ይመስላሉ። ነገር ግን ሰው የሚኖረው እዚያ ነው። የኦሞ ውኃ ወደ ብርሃን የሚለወጠው ልጅ ደብተሩን በዘረጋበት ክፍል ውስጥ እንጂ በግድቡ አናት ላይ አይደለም። ስለዚህ የመብራት ታሪካችንን የሚጽፍ ሰው፣ ግድቡን ለክቶ ሲጨርስ፣ ግድግዳውንም ቢመለከት እላለሁ፤ ሽቦዋ በቱቦ ውስጥ ናት ወይስ በምስማር ላይ? መልሱ ከሜጋ ዋቱ ያላነሰ ታሪክ ነው።